የብሮድዌይ ዘፈኖችን ያለ ኖታ፣ በጆሮ ብቻ በኪቦርድ መጫወት

አሜሪካዊው የዘፈን ደራሲ ኢርቪንግ በርሊን ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር። ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹ ከጥቁሮቹ ቁልፎች ብዙም አይርቁም፤ የለመደው ፋ ሻርፕን ነው። ዘፈኑ በሌላ ኪ (በሌላ ማረፊያ ድምጽ ላይ) እንዲሰማ ከፈለገ ለዚሁ በተሠራለት ፒያኖ ላይ አንድ ማንሻ ያንቀሳቅሳል። ጣቶቹ ግን እዚያው ጥቁሮቹ ላይ ናቸው። ዜማውን ወረቀት ላይ የሚያሰፍርለት ሌላ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 የኒው ዮርክ የቲያትር ሠፈር በሆነው ብሮድዌይ ላይ የወጣውን ሙዚቃዊ ተውኔት «አኒ ጌት ዩር ገን» የደረሰው ይኸው በርሊን ነው። በ1960 ለንደን ላይ የታየው የ«ኦሊቨር!» ደራሲ ላዮኔል ባርትም ኖታ አይጽፍም ነበር። እሱ ያንጎራጉራል፣ ሌላው ይጽፋል።

የሙዚቃዊ ተውኔት ዘፈኖች ሲሠሩም ለጆሮ ታስበው ነው። ተመልካቹ አንዴ ሰምቷቸው ከአዳራሹ ሲወጣ እያንጎራጎራቸው እንዲሄድ ይፈለጋል። ዜማው ይደጋገማል፣ ቅርጹ ግልጽ ነው፣ ቃሉም ይሰማል። በጆሮ መጫወት ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው የፒያኖ ቁልፎችን ስም ለሚያውቅና ሦስት ድምጽ አንድ ላይ ይዞ ኮርድ መጫን ለሚችል ሰው ነው። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። እኛ ያደግንበት ሙዚቃ በአብዛኛው አንድ ዜማ ነው። ማሲንቆውም ክራሩም ከዘፋኙ ዜማ ጋር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዜማ መያዝ ብዙም አያስቸግረንም። የሚያስቸግረን ከዜማው ሥር እየተቀያየረ የሚሄደው ኮርድ ነው፤ ጆሯችን እዚያ ወርዶ መስማት አልለመደም። ብዙ ጀማሪ ቀኝ እጁን ሳምንቱን ሙሉ ዜማ ሲያስለቅም ይከርምና ግራ እጁ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እናንተ ገልብጡት። ካላችሁ ጊዜ አንድ ሦስተኛውን ለዜማው፣ የቀረውን ለቤዙ (ከሁሉ ሥር ለሚሰማው ወፍራም ድምጽ) እና ለኮርዱ ስጡ።

ዕቃውና የመጀመሪያው ዘፈን

61 ቁልፍ ያለው ተራ ኪቦርድ ይበቃል። ከኪቦርዱ ይልቅ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ላይ ገንዘብ አውጡ። የስልክ ስፒከር ቤዙን ውጦ ያስቀረዋል፤ ያልተሰማ ቤዝ ደግሞ አይለቀምም። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ዘፈኑ ይዘገያል እንጂ ኪው አይቀየርም።

ለመጀመሪያ «ኤደልቫይስ»ን ያዙ። ከ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ነው፤ በ1959 ብሮድዌይ ላይ ተከፈተ፣ በ1965 ፊልም ሆነ። የኦስትሪያ የሕዝብ ዘፈን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ሪቻርድ ሮጀርስ ዜማውን፣ ኦስካር ሐመርስታይን ግጥሙን ለተውኔቱ ብለው የሠሩት ነው። ተውኔቱ ኒው ዮርክ ከመግባቱ በፊት ቦስተን ላይ እየተሞከረ ሳለ ነው የተጨመረው። በተውኔቱ ካፒቴኑን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ቴዎዶር ባይክል ጊታር ይዞ የሕዝብ ዘፈን የሚዘፍን ሰው ስለነበር፣ ለእሱ የሚሆን ዘፈን ተፈለገ። ኮርዶቹ ቀላልና ጥርት ያሉ የሆኑትም በአንድ ጊታር ሊታጀብ ስለተሠራ ነው። ሐመርስታይን በ1960 አረፈ፤ የመጨረሻ ግጥሙ ይህ ሆነ።

አንድ ቅጂ ምረጡና በእሱ ጽኑ። የመድረኩና የፊልሙ ቅጂ ብዙ ጊዜ በተለያየ ኪ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ጀማሪን ያምታታል። መሣሪያ የበዛበትንም አትምረጡ።

1. ኪቦርዱን ሳትነኩ ዝፈኑት

ዘፈኑን ስሙ፣ አብራችሁ አንጎራጉሩ፣ ከዚያ ዝጉትና ብቻችሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝፈኑት። ድምጻችሁ ማማሩ ጉዳይ አይደለም። የሚፈለገው ዜማው ውስጣችሁ መግባቱ ነው። መሃል ላይ የሚጠፋባችሁ ቦታ ካለ እዚያው ተመልሳችሁ ስሙ። በጉሮሮ ያልያዛችሁትን ዜማ ጣት ሊያገኘው አይችልም፤ ጣት የሚከተለው ውስጣችሁ የሚዘፈነውን ነው። ቃሉን ካላወቃችሁት «ላ ላ ላ» በሉት።

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ቁልፍ በቁልፍ እየነካ፣ እየተሳሳተ፣ እንደገና እየነካ ይሄዳል። ያ መገመት እንጂ በጆሮ መጫወት አይደለም።

2. ማረፊያውን አግኙ

ሁሉም ዘፈን የሚያርፍበት ድምጽ አለው። ዘፍናችሁ ስትጨርሱ የመጨረሻውን ድምጽ ያዙት፣ አትልቀቁት። እያንጎራጎራችሁ ኪቦርዱ ላይ ፈልጉት። ከተገኘ እሱ 1 ነው፤ ኪው በእሱ ስም ይጠራል። ለማረጋገጥ ዘፈኑን ክፈቱና ያንን ቁልፍ በየጊዜው ንኩት። «ቤቴ ገባሁ» የሚል ስሜት ከሰጣችሁ ትክክል ናችሁ። የተንጠለጠለ ከመሰላችሁ ከ1 ጀምሮ ሲቆጠር 5ኛ የሆነውን ድምጽ ይዛችሁ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ለልምምዱ ዘፈኑን ወደ ዶ እናመጣዋለን። 1 ማለት ዶ ነው፣ ነጮቹ ቁልፎች ብቻ ይበቁናል።

3. ትዝታና ባቲ ሲደመሩ

ከዶ ተነስታችሁ ትዝታ ሜጀርን ተጫወቱ፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። በቁጥር 1 2 3 5 6 ነው። አሁን ከዚያው ከዶ ባቲ ሜጀርን ተጫወቱ፤ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። 1 3 4 5 7 ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። 1 2 3 4 5 6 7 ሙሉ ወጣ። አብዛኛው የብሮድዌይ ዘፈን የሚሠራበት ሜጀር ስኬል ይኸው ነው። ሰባቱንም ድምጾች ጆሯችሁ ያውቃቸዋል፤ በአንድ ዘፈን ውስጥ አንድ ላይ መስማቱ ነው ያልተለመደው።

ሦስቱንም በየተራ ወደ ላይና ወደ ታች ተጫወቱ፤ ቁጥሩን በድምጽ እየጠራችሁ ዝፈኑ። በተለይ ሁለት ቦታ ላይ ቆዩ። 4 ወደ 3 መውረድ ይፈልጋል፣ 7 ወደ 1 መውጣት ይፈልጋል። በመሃላቸው ሌላ ቁልፍ ስለሌለ ነው እንዲህ የሚሳሳቡት። ትዝታ ውስጥ 4ም 7ም የሉም፤ ስለዚህ በትዝታ የተቃኘ ጆሮ 4ን ሲሰማ 3 ወይም 5 አድርጎ ይይዘዋል። ስትለቅሙ ስህተት ከተገኘ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን።

ጥቁሮቹን ቁልፎች ደግሞ ብቻቸውን ሞክሯቸው። ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያው ፋ ሻርፕ ነው። ከእሱ ተነስታችሁ አምስቱንም ጥቁሮች በተራ ብትነኩ ትዝታ ሜጀር ነው የሚሰማችሁ። በርሊን ሲሠራ የኖረበት ቦታ ይህ ነው።

4. ቅርጹን ለዩ፣ ሥራው ይቀላል

የድሮው የብሮድዌይ ዘፈን በብዛት 32 ባር (እኩል ምት ያላቸው ትናንሽ ክፍሎች) ነው፤ አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ 8 ባር። ሀ፣ ሀ፣ ለ፣ ሀ ብላችሁ ጻፉት። ሀ ዋናው ዜማ ነው፣ ትንሽ ተለውጦ ይደገማል። ለ መሃል ላይ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳችኋል፤ ከዚያ ሀ ይመለሳል። «ኤደልቫይስ» በዚህ ቅርጽ ነው የተሠራው። ስለዚህ የምትለቅሙት ሀን አንድ ጊዜ፣ ለን አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ የየሀውን አጨራረስ ማስተካከል ብቻ ይቀራል። 32ቱ ባር 16 ሆነ ማለት ነው።

ወረቀት ላይ አራት ሳጥን ሥሩ። ዘፈኑን እየሰማችሁ ለ የት እንደሚጀምር ምልክት አድርጉ። አንዳንድ ዘፈን ከሀ በፊት እንደ ንግግር ያለ ረጅም መግቢያ አለው፤ ለጊዜው ተዉት።

5. ዜማው

«ኤደልቫይስ» ባለ ሦስት ምት ነው፤ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት። የመጀመሪያው ቃል በ3 ይነሳል፣ ወደ 5 ይወጣል፣ ከዚያ በላይኛው 2 ላይ ይቆያል። በዶ ኪ ሚ፣ ሶል፣ ከላይ ሬ ማለት ነው። ቃሉ ሲደገም ከላይኛው 1 ይጀምርና ወደ 5 ወርዶ 4 ላይ ይቆማል። ቀጣዩ ሐረግ ደግሞ በ3 ይነሳል።

ልብ በሉ፣ ከላይኛው 2 ወደ 1፣ ከዚያ 5፣ 4፣ 3። ዜማው አንዴ ወደ ላይ ዘሎ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። እንዲህ ያለውን አካሄድ ስታዩ እያንዳንዱን ድምጽ ለብቻው ማስታወስ አያስፈልጋችሁም።

ሐረግ በሐረግ ሂዱ። አንድ ሐረግ ዝፈኑ፣ ቁጥሩን ገምቱ፣ ከዚያ ብቻ ንኩት። 1፣ 3 እና 5ን ምሰሶ አድርጉ። ሌላው ድምጽ ከእነሱ አንዱ አጠገብ ነው። ትልቅ ዝላይ ካጋጠማችሁ የምታውቁትን ዘፈን ለመለኪያ ተጠቀሙ። ለምሳሌ በ1939 ፊልም የወጣው «ኦቨር ዘ ሬይንቦው» ሲጀምር ከታችኛው 1 ወደ ላይኛው 1 ይዘላል፤ ሙሉ ኦክታቭ ማለት ነው።

የቀረውን ለእናንተ ትቻለሁ። አንድ ምሽት ቢፈጅ ነው።

6. ቤዙ ላይ ቆዩ

አሁን ቀኝ እጃችሁን አሳርፉት። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጉና ዘፋኙን እርሱት፤ ከታች ያለውን ድምጽ ብቻ ፈልጉ። ባለ ሦስት ምት ዘፈን ላይ ቤዙ የሚመጣው በየባሩ የመጀመሪያ ምት ነው። ጊታር ካለ ወፍራሙ ክር የሚመታበት ቅጽበት ነው። የሰማችሁትን አንጎራጉሩት። በጣም ዝቅ ካለባችሁ አንድ ኦክታቭ አንስታችሁ ዝፈኑት፤ ቁጥሩ ያው ነው።

በግራ እጅ አንድ ጣት፣ በአንድ ባር አንድ ቁልፍ። መጀመሪያ 1ን ሞክሩ። ካልሆነ 5ን፣ ካልሆነ 4ን። ከዚያ 6 እና 2። ከእነዚህ አምስት የሚወጣ ብዙ የለም። የ«ኤደልቫይስ» የመጀመሪያ አራት ባሮች ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ ናቸው፤ 1፣ 5፣ 1፣ 4።

ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ጣት ብቻ አጅቡት። ኮርድ አትጨምሩ፣ ዜማም አትንኩ። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ጆሮ የሚከፈተው እዚህ ነው። ይህን ሳይለምዱ ኮርድ ከኢንተርኔት የሚገለብጡ ሰዎች ዘፈን በተቀየረ ቁጥር እንደገና ፍለጋ ይወጣሉ። ቤዝ መስማት የለመደ ሰው ዘፋኙ የትም ቢሄድ ይከተላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆች ብዙዎቹ ይህን ችሎታ ያገኙት ዘማሪውን ያለ ወረቀት ሲከተሉ ነው።

7. ከቤዙ በላይ ኮርዱን መሥራት

ለዶ ኪ የሚያስፈልጋችሁ አምስት ኮርድ ነው። 1 ዶ ሚ ሶል ነው። 4 ፋ ላ ዶ፣ 5 ሶል ሲ ሬ። እነዚህ ሜጀር ናቸው። ማይነሮቹ (መሃለኛ ድምጻቸው ከሜጀሩ አንድ ቁልፍ ዝቅ ያለ) 6 ላ ዶ ሚ እና 2 ሬ ፋ ላ ናቸው።

ዜማው ራሱ ይጠቁማችኋል። ሁለተኛው ባር ላይ ዜማው 2 ነው፣ ሬ። ሬ በ1ኛው ኮርድ ውስጥ የለችም፤ በ5ኛው ውስጥ አለች። ቤዙም ሶል ብሏል። ስለዚህ 5 ነው፣ አለቀ። አራተኛው ባር ላይ ዜማው 4 ነው፣ ፋ። እዚህ ትንሽ ያጣብቃል፤ ፋ በ4ኛው ኮርድ አለች፣ 5ኛው ላይ ሰባተኛ ድምጽ ሲጨመርበትም (ሶል ሲ ሬ ፋ) አለች። የሚዳኘው ቤዙ ነው። ቤዙ ፋ ነው፣ ስለዚህ 4። ሰባተኛው ባር ላይ ዜማው 6 ነው፣ ላ። 4ም 2ም ይይዙታል። ሁለቱንም በየተራ ተጫወቱና ለቅጂያችሁ የሚቀርበውን ምረጡ። ሁለቱም አያሳፍሩም።

ሜጀር ይሁን ማይነር ካልለያችሁ የኮርዱን መሃለኛ ድምጽ ብቻ አንድ ቁልፍ ዝቅ አድርጋችሁ አወዳድሩ።

ከእነዚህ ውጭ የሆነ ድምጽ ሲሰማችሁ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። የመጀመሪያው 2ኛው ኮርድ ማይነር መሆኑ ቀርቶ ሜጀር ሲሆን ነው፤ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ብዙ ጊዜ ዶ ታክሎበት። ወደ 5 ሲገፋ ይሰማችኋል። የ«ኤደልቫይስ» ለ ክፍል በ5 ጀምሮ ወደ 1፣ ከዚያ ወደ 4 ይሄድና በዚህ ኮርድ በኩል ነው ወደ 5 ተመልሶ ለመጨረሻው ሀ የሚያዘጋጃችሁ። ሁለተኛው 4ኛው ኮርድ ወደ ማይነር ሲለወጥ ነው፤ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ሆድ የሚያባባው ድምጽ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ብዙዎች የመጨረሻው ሀ ላይ 4ን ከያዙ በኋላ ወደዚህ ያዞሩታል። ሞክሩት፤ አንድ ጣት አንድ ቁልፍ ዝቅ ማለቷ ብቻ ይህን ያህል መለወጡ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

8. ግራ እጅ ምቱን ይያዝ

ባለ ሦስት ምት ከሆነ አንድ ላይ ቤዝ፣ ሁለትና ሦስት ላይ ኮርድ። ባለ አራት ምት ፈጠን ያለ ዘፈን ከሆነ ቤዝ፣ ኮርድ፣ የኮርዱ አምስተኛ ድምጽ፣ ኮርድ። ቀኝ እጅ ዜማውን ይዞ ግራው ሲቀላቀል እጅ ይተሳሰራል፤ የሁሉም ሰው ነው። ፍጥነቱን ግማሽ አድርጉና አራት አራት ባር ብቻ ደጋግሙ።

9. ኪ መቀየር

ቁጥር የተማርነው ለዚህ ነው። 1 5 1 4 በፋ ኪ ፋ፣ ዶ፣ ፋ፣ ሲ ፍላት ይሆናል። በሶል ኪ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ። ያው ዘፈን ነው። በሦስቱ ኪዎች መጫወት ከቻላችሁ ዘፈኑ በእርግጥ የእናንተ ሆኗል። ኪቦርዳችሁ ላይ ያለው የትራንስፖዝ ቁልፍ የበርሊንን ማንሻ ሥራ ይሠራል። ሰው ፊት ስትጫወቱ ተጠቀሙበት፣ ነውር የለውም። ልምምድ ላይ ግን አጥፉት፤ የነካችሁት አንድ፣ የሰማችሁት ሌላ ሲሆን ጆሮ ግራ ይጋባል።

10. ዘፋኝ ስታጅቡ

መጀመሪያ ዘፋኙ ከፍ የሚልበትን ቦታ አዘፍኑትና ኪውን ከዚያ ተነስታችሁ ወስኑ። ዘፋኙ ዜማውን ስለያዘው እናንተ አትድገሙት። ቤዝና ኮርድ ስጡት፣ ሲተነፍስ ጠብቁት። መግቢያ ካጣችሁ የዘፈኑን የመጨረሻ አራት ባሮች ተጫወቱ፤ ዘፋኙ ኪውንም ፍጥነቱንም ከዚያ ይይዛል። እነዚህ ዘፈኖች ታሪክ የሚናገሩ ስለሆኑ ዘፋኙ ቃል ላይ ይዘገያል፣ ይፈጥናል። ዓይናችሁ ከከንፈሩ አይለይ።

ኖታ የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ለሙዚቃዊ ተውኔት ተፈትናችሁ ልትገቡ ከሆነ፣ እዚያ የሚያጅባችሁ ፒያኒስት የሚያነበው ወረቀት ይፈልጋል፤ በእናንተ ኪ የተጻፈ ይዛችሁ ሂዱ። እንደ ስቲቨን ሶንድሃይም ያሉ ደራሲዎችን ሥራም በጆሮ ብቻ አትድፈሩ። የፒያኖው አጀብ ራሱ የድርሰቱ አካል ነው፤ በጆሮ አጽሙን ታገኛላችሁ፣ ሥጋው ግን ያመልጣችኋል።

ከዚያስ የትኛውን?

ቀጥሎ ከዚያው ተውኔት «ዶ ሬ ሚ»ን ያዙ። እያንዳንዱ ስንኝ የሚጀምረው በሚጠራው ድምጽ ስለሆነ ስኬሉን ጆሮ ላይ ይቀርጻል። ከዚያ በ1927 «ሾው ቦት» ላይ የወጣውን የጀሮም ከርንን «ኦል ማን ሪቨር»። 5 5 6 1 ብሎ ይነሳል፣ ዜማውም በአብዛኛው ከትዝታ ሜጀር አምስት ድምጾች አይወጣም። በጥቁሮቹ ቁልፎች ጀምሩት፤ ከሁለቱ ጥቁሮች የግራውን ሁለት ጊዜ፣ የቀኙን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ፋ ሻርፕ። ቀኝ እጃችሁ ሳይቸገር ይሄዳል። ለ ክፍል ላይ ግን ማረፊያው ለጊዜው ወደ 3 ይዛወርና ማይነር ይሆናል፤ ቤዙን ካልሰማችሁ እዚያ ትጠፋላችሁ።

እሱ ሲለቀም ወደ «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» እለፉ፤ ባለ ሦስት ምት ነው፣ በማይነር ይነሳል። «ማሪያ»ን ለመጨረሻ አቆዩት። በ1957 የወጣው የሌናርድ በርንስታይን «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ዘፈን ነው። ስሟ የሚጠራባቸው ሦስት ድምጾች በዶ ኪ ዶ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ናቸው። መሃለኛዋ ፋ ሻርፕ በትዝታም በባቲም ሜጀር ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ጆሯችሁ ወደ ፋ ወይም ወደ ሶል ሊጎትታት ይፈልጋል። ሶልን ቀድማችሁ ዝፈኑ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ዝቅ በሉ፣ ከዚያ ከዶ ተነስታችሁ በቀጥታ እዚያ ለመድረስ ሞክሩ።